የጋሻዬ ግፊት፣ በእኔ እጅና በእሷ እጅ

የካቲት 18
ሥራ ከመሄዴ በፊት የባሌን የጋሻዬን የደም ግፊት ለካሁት። 168 በ100። ከሰዓት በነርስነት በምሠራበት ጤና ጣቢያ ባልደረባዬ ፈይሩዝ ስትለካው 132 በ84! ባል በሚስቱ አይታከምም ተብሎ ክትትሉን ለእሷ ሰጧት... ከጋሸና ከተዛወረች ገና ሦስት ወሯ።

የካቲት 21
ዛሬም 170። በእሷ 130። ነርሶቹ፣ የፈይሩዝ እጅ መድኃኒት ነው ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ እኔ ስነካው ደሙ የሚፈላው ለምንድን ነው?

የካቲት 23
ስለሚውጠው የግፊት ኪኒን አነበብኩ። ሰው ሲደነግጥ አድሬናሊን ልብ ላይ ያሉ ተቀባዮችን ይይዝና ልብ በፍጥነት ይመታል። ኪኒኑ እነሱን ይዘጋል። የደም ሥር የውስጥ ሽፋን ሕዋሳትን ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያስመነጫል፤ ያኔ የደም ሥሩ እንደ መቀነት ይላላል። እኔ የገባኝ ግን ለእሷ እንደሚላላ፣ ለእኔ እንደሚጠብቅ ነው። ሞኝነት? ይሁን።

የካቲት 26
የእኔን ቁጥሮች ይዤ ጤና መኮንኑ ዘንድ ሄድኩ። የእሷ ልኬት ስህተት ነው አልኩ፣ እሷው ፊት። የኪኒኑን መጠን እጥፍ አደረገው። ደስ አለኝ... እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የካቲት 28
ጋሻዬ ወደቀ። ከቤተ ማርያም ቅዳሴ ተመልሶ፣ በልቶ፣ ለክትትል መጥቶ ከአግዳሚው ሲነሳ። 84 በ50። ፈይሩዝ አስተኝታ እግሩን ከፍ አደረገችና ቀስ ብላ ጠየቀችው።
"ጾም ላይ ኪኒኑን በስንት ሰዓት ነው የሚውጡት?"
"ዘጠኝ ሰዓት፣ ስገድፍ። ጠዋት በውሃ ብውጥ ጾሜ ይፈርስብኛል።"
በረመዳን የእነሱም ሰዎች ወደ ማፍጠሪያ እንደሚያዞሩት ነገረችን። ለካ እኔ ጠዋት የምለካው የትናንቱ መድኃኒት ኃይሉ ሲያልቅ፣ እሷ ከሰዓት ገና ሲሠራ። እኔ ያስጨመርኩት እጥፍ ነው የጣለው።
ግን በየጠዋቱ ኪኒኑን ዋጥክ ወይ ስለው አዎ ይለኝ ነበር። ማታ፣ ለምን ዋሸኸኝ አልኩት።
"እሷ ጠየቀችኝ። አንቺ ትቆጪኛለሽ።"
ለአገሩ ሁሉ ስለ መድኃኒት ሰዓት የማስተምረው እኔ ነኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

የካቲት 29
መጠኑ ተመለሰ። የመዋጫው ሰዓት ማታ ሆነ። ፈይሩዝን ይቅርታ ጠየቅኋት። "ምንም አይደል እህቴ" ብቻ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 5
ጠዋት ለካሁት። 150። ዋጥክ ወይ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ቃሉን ዋጥኩት። እንዴት አደርክ አልኩት። እጅጌውን እየመለሰ፣ "ትናንት ማታ ረስቼዋለሁ" አለኝ። በራሱ! አልተቆጣሁም። ዛሬ ማታ አብረን እንውጠው አልኩት፣ ሳቀ።
ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። ለእሷ እውነቱን ለመናገር አንድ ጥያቄ በቃው። ለእኔ ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀበት።