አንዲት ደንበኛ ሳትጎድል

እትዬ፣ ሱቁን ይዣለሁ፤ ስፌት ቤቱ የራሴ ነው፤ ከደንበኞቼ ደግሞ አንዲት እንኳ አልጎደለችም። ይህን ሳልነግርሽ በሰላምታ ብጀምር አንጀቴ አይችልም። አሁን ወደ ወጉ ልመለስ፤ እንደምን ከርመሻል እህቴ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃውን ተውሽው ወይስ ያው እልህሽ ነው? የባልሽ የጋሼስ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ? እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱንም የመርፌው ቀዳዳ ጠበበ እያልኩ አስተባብላለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። አሠሪዬን ታውቂያታለሽ፤ መለኪያው ሜትር ከአንገቷ ስለማይወርድ ሜትሯ የምንላት። ከአራት ዓመት በፊት ይህን ስልክ ስገዛ ያስተካከለችልኝ እሷ ናት፤ አካውንት ሲጠይቅ የእሷን ስፌት ቤት አካውንት አስገባችበት። ክፋት አልነበራትም፤ ሁለታችንም የምናውቀው ነገር አልነበረም። እኔ ደግሞ የሰው ስም አይያዝልኝም፤ ደንበኛን በስልኬ የምመዘግበው በልኳና በጠባይዋ ነው። «ትከሻ አርባ ሁለት፣ ትቸኩላለች»፤ «ወገቧን ቀንሳ የምትናገር፣ ሁለት ጨምሪ»፤ «ባሏ የሚመርጥላት፣ ለብቻዋ ጠይቂያት»። ስልኩ የእኔ፣ የሚያየው ማን አለ ብዬ።

ባለፈው ወር ቀሚስ እየተኮስኩ ሳለ፣ እንግዳ የምትቀበለው ልጅ የስፌት ቤቱን ታብሌት ይዛ መጣችና «እትዬ፣ ‹አንገተ ረጅሟ፣ ብብቷ ይላላ› ማን ናት? ቀሚሷ ደርሷል ብዬ ልደውልላት» አለችኝ። አብረውኝ የሚሰፉት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። እኔም አብሬ ስቄ ሳልጨርስ ሳቁ አፌ ላይ ቀረ። የእኔ ጽሑፍ እዚያ ምን ይሠራል? ዝርዝሩን ባየው አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ተደርድረዋል። ለካ በስልኬ የጻፍኩት ሁሉ በዚያ አካውንት ወደ ኢንተርኔት እየወጣ ታብሌቱ ላይ ሲወርድ ኖሯል።

ክው አልኩ፤ መምህርቷ ትዝ አለችኝ። አንቺ አታውቂያትም። ታማ ግራ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል፤ ከሐኪሞቿ ሌላ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ልብሷን ከውስጥ የምሞላላት እኔ ነኛ። «መምህርቷ፣ ግራው ይሞላ፣ ለማንም አይነገር» ብዬ ነበር የጻፍኩት። አይነገር ብዬ አደባባይ አሰጣሁት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔ ከአፌም ሳይወጣ አፋፍ ላይ ተገኘ። ቀሚሷን ልትወስድ የምትመጣው ደግሞ በማግስቱ ነው።

ላጥፋው ብዬ፣ መጀመሪያ አንድ ቁጥር ለሙከራ ከታብሌቱ ባጠፋ ከስልኬም ድራሹ ጠፋ። ያጠፋሁት ያንቺን ነው፤ አትቀየሚኝ፣ በቃሌ የማውቀው እሱን ብቻ ስለሆነ ነው። ሁለቱንም ታቅፌ ጎረቤታችን ወዳለው ስልክ ጠጋኝ ሮጥኩ። «እናቴ፣ ከዚህ በኋላ አንድም እንዳትነኪ» አለኝ። ጺሙ ሸብቶ እናቴ ይለኛል። «እኔ ስወለድ አንተ ጥርስ ነቅለሃል» አልኩት። ሳቀና ሥራውን ያዘ። አስቀድሞ ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ፋይል ሚሞሪ ካርድ ላይ ገለበጠ። ቀጥሎ ጽሑፌን ወደ ታብሌቱ የሚያወርደውን ማመሳሰል ዘግቶ የስፌት ቤቱን አካውንት ከስልኬ አወጣው። ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን «ደንበኞቼስ?» ብዬ ጮህኩ፤ ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ ፋይሉን ከካርዱ ወደ ስልኩ መለሰውና፣ ስልኩ ላይ ብቻ እንዲቀመጥ፣ የትም እንዳይሄድ አደረገው። ያንቺን በእጄ ጻፍኩ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሞላ። «ስልኩ ቢጠፋ ግን የሚመልስልሽ የለም» ስላለኝ፣ ካርዱን ቤት ቆልፌበታለሁ፤ ቁጥሮቹንም ለብቻ በደብተር ገልብጫለሁ።

የዚያኑ ዕለት ታብሌቱን ከሜትሯ ጋር ተቀምጠን አጸዳነው። የስፌት ቤቱ ደንበኞች የራሳቸው መዝገብ ስላላቸው የጠፋው የእኔ ጽሑፍ ብቻ ነው። መምህርቷ ጋ ስንደርስ ሜትሯን «ዓይንሽን ጨፍኚልኝ፣ ይህችን እኔ ላጥፋ» ብዬ ለመንኳት፤ እሷም ታብሌቱን ሰጥታኝ ፊቷን አዞረች። ቀጥሎ ግን የራሷ መጣ፤ «ሜትሯ፣ ስትቆጣ አትመልሺላት፣ ይበርድላታል» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ፈርተሽኝ ዝም የምትዪ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር እኮ» አለችኝና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

መምህርቷ በማግስቱ ስትመጣ መጋረጃውን ስቤ ሁሉንም ነገርኳት። «ማን አነበበው?» አለችኝ። ያነበበ አላውቅም፣ ግን አልምልም አልኳት። ቀሚሷን አንስታ ግራ ጎኑን በእጇ ዳሰሰች። ያን ፊት፣ እትዬ፣ እግዜር አያሳይሽ። ኋላ «ባትነግሪኝ እኮ አላውቅም ነበር» አለችኝ። «ዓይንሽን ማየት ካልቻልኩ እንዴት ብዬ እለካሻለሁ?» አልኳት። ስልኬን ተቀብላ የራሷን ፈለገች፤ «መምህርቷ» ብቻ ይላል። ልኳና ሌላው የት ገባ ስትለኝ ጭንቅላቴን አሳየኋት።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። እሷን ጨምሮ አሥራ አራት አስተማሪዎች ለትምህርት መዝጊያው ልብስ እንድሰፋላቸው ይፈልጋሉ፤ ግን «የሰው ጠረጴዛ ላይ አይሆንም፣ የራስሽን በር ክፈቺ» አለችኝ። ሜትሯን ብነግራት «በቶሎ ሂጂ፣ አንቺን እየፈራሁ መቆጣት አቃተኝ» ብላ መረቀችኝ። ከጠጋኙ ጎን ያለችውን ክፍል ያዝኩ፤ አንድ መስኮት፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ በደንብ የሚዘጋ መጋረጃ። አሥራ ሦስቱ ቀሚስ አልቋል። የመምህርቷን ለመጨረሻ ያቆየሁት ለብቻዋ እንድትለካ ነው፤ ለስፌት ቤቴ ምረቃ ቀድማ ለብሳው የምትመጣውም እሷ ናት።

ጋሼን ጉልበቱን ስሜ ሰላም እላለሁ፤ ሳሉን ይዞም ቢሆን ይምጣ። አማትሽን እማማን እጃቸውን ሳሚልኝ። ትልቋ ልጅሽ ልኳን ትላክልኝ፣ እውነተኛውን። ወሬኛውን ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። አንቺማ ሳትመጪ በሩን አልከፍትም። ስጠብቅሽ ደንበኞቼን ደጅ ካስቆምኩ ያንቺ ኃጢአት ነው።

ከአዲሱ ስፌት ቤቴ፣ ግንቦት ሃያ ሁለት ቀን ተጻፈ። ቀጠሯችን ሰኔ ሰባት፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ነው፤ ሁላችሁም፣ አንድ ሰው ሳይጎድል።