እንድሪስዬ፣ ወፍጮህ ፈጨ

ውዴ እንድሪስ፣ አላህ ያለህበትን በኑር ይሙላልህ።

ከተለየኸኝ ሦስተኛው ረመዳን አለፈ። እስከ ዛሬ ልጽፍልህ ቁጭ ያላልኩት ረስቼህ አይደለም፤ የምነግርህ ደስ የሚል ነገር ስላልነበረኝ ነው። አሁን ግን አለኝ! ላገኘሁት ሰው ሁሉ አውርቼ ጨርሻለሁ፤ ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ።

የምጽፍልህ ከደብረ ታቦር፣ ከእናትህ ቤት ሆኜ ነው። ከጁባ ከመጣሁ ሳምንት አልፎኛል። ከባሕር ዳር ሚኒባስ ይዤ በወረታ በኩል ስመጣ፣ መኪናው ዳገቱን ሲጀምር ብርዱ በመስኮት ገባ። ያኔ ትዝ አልከኝ። «ከድጃ፣ ይኼን አየር በጀሪካን ሞልተን ጁባ ብንሸጠው እኮ ሀብታም ነን» ትል አልነበር? ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝ።

ከተማው ተለውጦብኛል። የድሮው ሱቅህ በነበረበት መስመር ፎቅ ቆሟል። እናትህ ግቢ ውስጥ ቧንቧ ገብቶላቸዋል፤ ውሃው ሲፈልግ ስለሚመጣ ግን ጀሪካኖቹን አልጣሏቸውም። እህትህ ዘሐራ ከዐረብ አገር ተመልሳለች። ዐረብኛዋ እንደ ውሃ ይወርዳል፤ እዚህ ግን ምን ያደርግላታል? ገበያ ውስጥ ልብስ እያዞረች ትሸጣለች። የመጣሁትም ለእሷ ነው። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ ወፍጮው ልንገርህ፤ መታገሥ አልቻልኩም!

ከካምፓላ ያስመጣህበትን ቀን ታስታውሳለህ? መኪናው ሰፈራችን ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በገመድ ሲጎትት፣ አንተ ከኋላ እየገፋህ ከእግር እስከ ራስህ ጭቃ ሆነህ ነበር። «እዚህ አገር ማሽላ ሞልቶ ዱቄት ከኡጋንዳ ይመጣል፤ እኛ ብንፈጭለት ገበሬውም ያልፍለታል፣ እኛም» አልከኝ። ጥቂት ጊዜ ፈጨህበት። ከዚያ ናፍጣው ተወደደና ቆመ። እንደገና ሳታስነሣው ወባው ወሰደህ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ደግሞ ባሰ። ያን አገር ታውቀዋለህ፤ ኑሮው በሙሉ በአንድ ቧንቧ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ድፍድፉ ነዳጅ ከመሬቱ ይወጣና በሰሜኑ ጎረቤት አቋርጦ ባሕር ድረስ ይሄዳል፤ የሚነደው ናፍጣ ግን በሌላ በኩል በቦቴ ተጭኖ ይመጣል። እዚያ ጎረቤት አገር ጦርነት ተነሣና ቧንቧው ቆመ። ቧንቧው ሲቆም የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ቆመ፤ ደመወዙ ሲቆም የኛም ገበያ አብሮ ቆመ። ገንዘባቸው በየቀኑ እየወረደ፣ ጠዋት በሸጥኩበት ዋጋ ከሰዓት መግዛት አቃተኝ። ወፍጮህን ሸራ አልብሼ የስኳር ጆንያ መደርደሪያ አደረግሁት።

በመጨረሻ ብረት ገዢዎች መጡ። ፈታትተው በኪሎ ሊወስዱት ተስማማን። እሱን ሸጬ፣ የጁባውን ሱቃችንንም ዘግቼ አገሬ ልገባ ነበር።

ፖኒን መቼም አትረሳትም፤ ፊት ለፊታችን ኦቾሎኒ እየቆላች የምትሸጠዋን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የማሽላ እርሻ ያላትን። ወሬውን ሰምታ መጣችና ሸራውን ገፍፋ ወፍጮው ላይ ቁጭ አለች።

«የመብራት ፖሎቹን አላየሽም?» አለችኝ።

ፖሎቹንማ ማን ያላያቸው አለ! የነዳጁ ገንዘብ ሲቋረጥ ሽቦ ሳይዘረጋላቸው ቀርተው፣ የሰፈሩ ሰው ፍየል ያስርባቸዋል።

«ሽቦ የጫነ መኪና ድልድዩ ጋ ቆሞ አይቻለሁ። ወደኛ ቀበሌ የሚወስደው መንገድም ጠጠር እየፈሰሰበት ነው። ማሽላዬን ይዤ ስመጣ አንቺ ከሌለሽ ማን ሊፈጭልኝ ነው?»

ገዢዎቹ መፍቻቸውን ይዘው ሲገቡ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አልልም አለች። እነሱ እኔ ላይ ጮኹ። እኔ እሷን አየኋት፤ እጆቿን አጣምራ፣ የገዛ ቤቷ በርጩማ ላይ የተቀመጠች ይመስል ነበር። እንድሪስ፣ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ አልሸጥም» አልኳቸው። ሲወጡ እኔም አጠገቧ ወፍጮው ላይ ወጥቼ ቁጭ አልኩ። ፖኒ ሳቀችብኝ።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ተጸጸትኩ መሰለህ። ሽቦው ግን መጣ! ሠራተኞቹ ፖል ላይ ሲወጡ ሰው ፍየሉን እየፈታ ሮጠ። ቆጣሪ ገባልኝ። የናፍጣ ሞተሩን አስወጥቼ በምትኩ በመብራት የሚሠራ ዲናሞ አስገጠምኩለት።

መብራቱ የተለቀቀው ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ነው። መጀመሪያ ያወቅነው በድምፅ ነው፤ በድምፅ ስልህ፣ በዝምታ። ብየዳ ቤቱ ጀኔሬተሩን አጠፋ፣ ፀጉር ቤቱ አጠፋ፣ ፋርማሲው አጠፋ። ያ ቀን ሙሉ ጆሯችንን ሲበላው የኖረ ጩኸት አንድ በአንድ እየሞተ ሄዶ፣ መንገዱ ላይ የሰው ንግግር ተሰማ። ሁላችንም በር ላይ ወጥተን ተያየን። እኔ እየሮጥኩ ገባሁና «ቢስሚላህ» ብዬ ማብሪያውን ተጫንኩት። ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ አንዴ አጓርቶ ዞረ! ፖኒ የመጀመሪያውን ማሽላ አፈሰሰች። ዱቄቱ ትኩስ ሆኖ እጄ ላይ ሲወርድ እልል አልኩ። እኔ፣ በሰው ሠርግ እንኳ ድምፄ የማይሰማው!

ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልልህም። መብራቱ ይሄዳል ይመጣል። ዝናብ ሲበረታ የፖኒ መንገድ ይቆረጣል። የጦርነት ወሬም ሲነሣ ልባችን እንደወትሮው ይርዳል። ግን ከየገጠሩ ማሽላና በቆሎ የጫነ ሞተር ብስክሌት በጠዋት በራችን ላይ ይሰለፋል፤ ከውጭ ዱቄት የሚገዙ የነበሩ እንጀራ ቤቶችና ሆቴሎች ከእኛ ይወስዳሉ። ሱቁንም ወፍጮውንም ብቻዬን አልቻልኩትም። ለዚህ ነው የጁባ ገበያ የሚግባባበትን ዐረብኛ የምትችለውን፣ ገበያ የምታውቀውን ዘሐራን ልወስድ የመጣሁት።

ዘሐራ ገና ሳልጨርስ «እሺ» አለች። እናትህ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «አንድ ልጅ ሰጥቻለሁ፤ ሁለተኛ አልሰጥም» አሉ። ማታ ራት ላይ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ነዳጅ ከመሬቱ የሚወጣለት አገር እንዴት ነዳጅ ይገዛል?» ብለው ጠየቁ። አስረዳኋቸው። «የቀለለ ነገር ነው እንዴ አገር ማቃናት» አሉና ተነሡ።

በነጋታው ዘሐራ በስልኬ የቀረጽኩትን አሳየቻቸው። ሴቶቹ ሳፋ በራሳቸው ተሸክመው ተሰልፈዋል። ፖኒ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ በጁባ ዐረብኛዋ፣ «ይኼ የእንድሪስ ወፍጮ ነው፤ ሁሉም ወደ እንድሪስ ይምጣ!» ትላለች። እናትህ ቋንቋውን ባይሰሙም ስምህን ሰሙ። «ምን አለች? ድገሚልኝ» አሉ። ዘሐራ ደገመችላቸው። እንደገና አስደገሙ።

«እማማ፣ ሰፈሩ በሙሉ እንዲህ ነው የሚጠራው። እኔ አልጻፍኩበትም፤ ራሳቸው ናቸው ያወጡለት» አልኳቸው።

«እነዚህ ሁሉ ልጄን ያውቁታል?»

«የሚያውቁት አሉ። የማያውቁትም ስሙን ያውቃሉ አንቱ።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱ። ሲያለቅሱ ላለማየት እኔም ዘሐራም ወደ ግቢ ወጣን።

ዛሬ ጠዋት ከጓዳ አንድ ከረጢት ይዘው ወጡ። የጉና ገብስ ነው፤ የዘንድሮ፣ ተለቅሞ የተበጠረ። እጄ ላይ አስቀመጡልኝና «ይኼን በልጄ ወፍጮ ፍጪና በስሙ ሰደቃ አውጪ። እዚያ ጁባ መቃብሩ ጋ ላሉ ድሆች ይሁን። ዘሐራንም ዐይንሽ አይለያት» አሉኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ይዘው አነሡኝ።

እንድሪስዬ፣ ሰኞ እንሄዳለን። ዘሐራ ከአሁኑ ፖኒን ምን ብላ እንደምትጠራት ትጨነቃለች። እኔ ከሻንጣዬ ልብስ አውጥቼ ለገብሱ ቦታ አበጅቻለሁ። ጁማ ሲደርስ አጠገብህ መጥቼ ዱዓ አደርግልሃለሁ፤ በህይወት እስካለሁ ድረስም በየጁማው የመጀመሪያው ቁና በስምህ ለሌለው ሰው ይፈጫል። ልጅ አልወለድንም፤ ስምህን ግን በየቀኑ የሚጠራ ሰልፍ አለህ።

ያንተው ከድጃ