ለእቴጌ ጓደኛ

ኅዳር 9
ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ዛሬም ወረቀት ሲጎርስ ዋለ። አዲሱ ገበያ ታክሲ ሰልፍ... አንድ ሰዓት ሙሉ። ቤት ገብቼ ለእቴጌ ጎመን ሰጠኋት። አሽትታ ተወችው። እህቷ ከሞተች ስምንት ቀኗ። ሰባት ዓመት አብረው የኖሩ ጥንቸሎች፤ ሲተኙ ጆሯቸው ተደራርቦ ነበር። አሁን ሳጥኑ ጥግ ላይ ብቻዋን። አንድ ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል። በዚህ ዕድሜዋ ሌላ ማምጣት ደግነት ነው ወይስ ጭካኔ?
እማዬ፦ "ለማይታለብ፣ ለማይታረድ ታለቅሻለሽ?"
አላለቀስኩም። ትንሽ ነው ያለቀስኩት።

ኅዳር 10
ከሥራ አስፈቅጄ ሸጎሌ ወሰድኳት፣ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ስብሐት ጋ። ጥርሷ ደህና፣ ሆዷ ደህና።
"ታዲያ ምን ሆና ነው?"
"ናፍቆት ሊሆን ይችላል።"
"ጓደኛ ላምጣላት?"
"እንደ ጠባይዋ ነው። ጥንቸል ከተጣላች ቀልድ አታውቅም። መጀመሪያ በሽቦ ለይተሽ ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው። እንዳትቸኩዪ።"

ኅዳር 11
ጎረቤታችን ረሂማ፣ ባለሱቋ፣ ጓሮዋ ጥንቸል ታረባለች። ሁለት ወጣት ሴቶች አመጣችልኝ። "ለጊዜው ውሰጂያቸው፤ ሳምንት ሳምንት ተኩል እንያቸው" አለች። መሃል ላይ ሽቦ አደረግን። እቴጌ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ኩራቷ!

ኅዳር 13
ቸኮልኩ። በሁለተኛው ቀን ሽቦውን አነሳሁት... ሁለቱ ተረባርበው እቴጌን ጆሮዋን ነከሷት። ደማች። ግን አልሸሸችም። ግድግዳውን ተደግፋ በኋላ እግሯ መሬቱን ደበደበችው፣ በፊት እግሯ መታቻቸው። ያውም በአንድ ዓይን!
ረሂማ ጩኸቴን ሰምታ መጣች። በባዶ እጇ ለየቻቸው፤ ክንዷ ተቧጨረ። "ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳት። "የሁለታችንም ነው። ሁለት ኮረዳ በአንድ አሮጊት ላይ!" ይዛቸው ሄደች።
ብቻዋን ትኑር። በቃ።

ኅዳር 14
ካሮትም አልነካችም።

ኅዳር 16
ረሂማ ተመልሳ መጣች፣ ዝምተኛዋን ብቻ ይዛ። ሌላዋን ጓሮ እናቷ ጋ ትታታለች። "የተጣሉት ቤቷ ስለገቡባት ነው። ሱቄ ጓዳ እንሞክር፣ እዚያ ማንም ባለቤት አይደለም።" ይህን ሁሉ ከየት አወቀችው? "ቁጭ ብዬ ስለማያቸው ነዋ" አለችኝ። እኔ ሰባት ዓመት አብሬያት ኖሬ...
ጆንያዎቹ መሃል ለቀቅናቸው። እቴጌ ቀስ ብላ ሄዳ፣ ጆሮዋ ገና እንደቆሰለ፣ ወጣቷ ፊት አንገቷን ደፋች። ወጣቷ ግንባሯን ላሰቻት። ደገመቻት።
እኔ ብሆን በተነከስኩ በሦስተኛው ቀን አንገቴን እደፋ ነበር? እኔ'ንጃ።

ኅዳር 23
ስንት ቀን ሳልጽፍ... መጀመሪያ ወጣቷ ቀን ቀን ብቻ ነበር እኛ ቤት የምትመጣው። ከሦስት ቀን ወዲህ እዚሁ ታድራለች።
ዛሬ ረሂማ ልትወስዳት መጣች። እቴጌ ጎመን ይዛ ነበር፤ ወጣቷ ከሌላው ጫፍ ጀመረች። መሃል ላይ አፍ ለአፍ ሲገናኙ እቴጌ ቀሪውን ለቀቀችላት። እህቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ስትበላ አላየኋትም። ረሂማ በሩን ተደግፋ አየቻቸው።
"ናዝሬትዬ፣ እነዚህን የሚለይ ሰው አላህን አይፈራም።"
ባዶ እጇን ሄደች።
ሳጥኑ ለሁለት ይጠባል። ነገ አናጺ እፈልጋለሁ።