ከባሕር ወለል የተመለሱ ኩባያዎች

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤ ባሕሩና መርከቡ እንዴት ይዘውሃል? እኛ ደህና ነን።

ተማሪዎቼ ስማቸውን የጻፉባቸው የፎም ኩባያዎች ደረሱ። በውቅያኖሱ ወለል ላይ እስካሉት ተራሮች ድረስ አውርደሃቸው፣ የውሃው ክብደት ጨምቋቸው አውራ ጣት አክለው ሲመለሱ ልጆቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። ጽሑፉ ግን ይነበባል። አንዷ «ቲቸር፣ ተመልሶ ያድጋል?» አለችኝ። «አያድግም» አልኳት።

እማዬ በራሷ ስም ፋንታ ያንተን የጻፈችበትንም ሰጠኋት። መዳፏ ላይ ስታገላብጠው ቀለበቷ ሾልኮ ወደቀ፤ በክር ጠቅልዬ መለስኩላት። ቀሚሶቿንም በቅርቡ አጥብቤያቸዋለሁ። እሷም ልክ እንደ ልጅቷ «ተመልሶ ያድጋል?» ብላ ጠየቀችኝ። «እሱ ሲመጣ ይነግርሻል» አልኳት።

ከሥራህ ላናጥብህ አልፈልግም። ብቻ ቀድሞ የሚመለስ መርከብ ካለ ጠይቅልኝ።

በሰላም ያገናኘን፤ ግን ቶሎ ያገናኘን።

እህትህ