ከመልእክቴ ሥር የተጻፈው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18፤ ኪሊማኒ

ዓርብ ያቋረጥኩትን ሥራ ልቀጥል ብዬ ጠዋት ከኤአዩ፣ ከቢሯችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ጋር የነበረኝን ቻት ፈልጌ ከፈትኩ። ቢሮው በሙሉ የሚጠቀመው በአንድ አካውንት ነው፤ ስለዚህ ሌላው እንዳያነብብኝ ሁልጊዜ በአማርኛ ነው የምጽፈው። እኔ ብቻዬን የማስኬደው ሲስተም ኮዱ የቱ ጋ እንደሚበላሽ፣ ሲበላሽ ምን እንደማደርግ፣ ሁሉንም ነግሬዋለሁ።

ከመጨረሻው መልእክቴ ሥር ግን እኔ ያልጻፍኩት ጥያቄ አለ። «ሰብለ ባትኖር ይህን ሲስተም ብቻዬን ለማስኬድ ምን ምን ማወቅ አለብኝ?» ሰብለ እኔ ነኝ።

ኤአዩ ምንም አላስቀረም። የነገርኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ዘርዝሮ ሲያበቃ፣ «ለዝግጅት ምን ያህል ጊዜ አለን?» ብሎ ጠይቋል። መልስ አልተሰጠውም።

እዚህ ቢሮ አማርኛ የምንችለው እኔና ዮናስ ብቻ ነን። ኢስትሊ ሰፈር ስልክ ሲጠግን አግኝቼው እዚህ ያስቀጠርኩት እኔ ነኝ። እህቴ ነው የሚለኝ።

ልጠይቀው አስቤ ቀኑን ሙሉ አፌ ላይ እየደረሰ ተመለሰ። ለመማር ብሎ ይሆናል አልኩ። ብታመም ብሎ ፈርቶ ይሆናል አልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ማታቱ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። የእኔንም ከፈለልኝ። ከዚያ ስልኩን እየነካካ፣

«እኔ የምልሽ ሰብልዬ፣ የሥራ ፐርሚትሽ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለኝ።

«ዲሴምበር» አልኩት። ሳላስበው አመለጠኝ።

ቤት እንደገባሁ ቻቱን መልሼ ከፈትኩት። ከኤአዩ ጥያቄ ሥር አዲስ መስመር ገብቷል።

«እስከ ዲሴምበር።»