ድምፄን ማን ላኪ አለሽ?

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ፣ ወገብሽ፣ የምግብ ፍላጎትሽ እንዴት ነው? ቤቱስ፣ ጎረቤቱስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ግን ተናድጄ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ገና አፌን ስከፍት ታቋርጪኛለሽ፤ እስከ መጨረሻው የምትሰሚኝ በደብዳቤ ብቻ ነው።

እታለም፣ ድምፄን ለሬዲዮ ጣቢያ ማን ላኪ አለሽ? መነጽሬ ተሰበረ፣ እስኪሠራልኝ ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን ታሪክ በስልክ አንብብልኝ አልሽኝ። እሺ ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ እንደወጣሁ ከአርዕስቱ እስከ ነጥቡ አነበብኩልሽ። ለካ አንቺ በጎረቤትሽ ልጅ ስልክ ድምፄን እያስቀረጽሽ ኖረሻል። ወንድምን እንዲህ አድርጎ መስረቅ የት የተማርሽው ነው?

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሰኞ ዕለት፣ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። የሬዲዮ አዘጋጅ ነኝ፣ በየጠዋቱ መጽሐፍ የሚተርክልን ሰው እንፈልጋለን፣ ድምፅዎን ወደድነው አለች። አጭበርባሪ ናት ብዬ፣ ሎተሪ አልቆረጥኩም አልኳትና ዘጋሁት። በማግስቱ ደወለች፤ ዘጋሁት። በሦስተኛው፣ እህትዎ፣ ይናደዳል ብለው አስጠንቅቀውኛል ስትለኝ ነው ነገሩ ካንቺ መሆኑ የገባኝ።

ታውቂኛለሽ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መናኸሪያው ውስጥ በዚያች የመስታወት ሳጥን ተቀምጬ የሚነሳውን አውቶቡስና የበሩን ቁጥር ስጠራ ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ ያ ባለሆቴል ለአዳራሹ አስተዋዋቂ አደርግሃለሁ ብሎ ሥራ አስለቅቆኝ፣ ሁለት ወር ደጁ ላይ አቁሞኝ፣ በመጨረሻ የእህቱን ልጅ ቀጠረ። አለቃዬ እግር ሥር ወድቄ ነው ወደ መናኸሪያው የተመለስኩት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። አባታችንስ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲለን አልነበር? አንቺ ግን ይህን ስጽፍልሽም መልስ አታጪም፤ ብብትህ ሥር ያለው እኮ የተሰነጠቀ ማይክሮፎን ነው፣ ቢወድቅስ ብለሽ ጻፍሽልኝ።

ያችን ደብዳቤሽን ደግሞ ቆሜ ነው ያነበብኳት፤ በሁለት አውቶቡስ መሀል። መስመሩ እርስ በርሱ ይወጣጣል፣ ፊደሉ ቡጢ ያክላል። ስድብ ስድቡን ለቅሜ ኪሴ ከተትኳት።

ነገሩን ለቲኬት ቆራጯ ነገርኳት። ምክር ፈልጌ አይደለም፣ አብራኝ እንድትስቅ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። ጋሼ፣ ሄደው ውሸት ከሆነ የሚከስሩት ግማሽ ቀን ነው፤ ሳይሄዱ እውነት ከሆነስ አለችኝ። ሁለታችሁ ተማክራችሁ ይሆን ብዬም ጠርጥሬያለሁ።

ባለፈው ረቡዕ ሄድኩ። በሩ ላይ ደርሼ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። በሦስተኛው ዘበኛው፣ የሚገቡ ከሆነ ይግቡ፣ የማይገቡ ከሆነ መንገድ አይዝጉ ሲለኝ አፍሬ ገባሁ። ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ የተለበጠ፣ መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ። ከመስታወቱ ማዶ አዘጋጇና የክብሪት እንጨት የሚያኝክ ቴክኒሻን አሉ። የሚወዱትን ነገር ይዘው ይምጡ ብዬዎት ነበር፣ እሱን ያንብቡልን አለችኝ። እውነት መቼ መስሎኝ ይዤ እመጣለሁ? ኪሴን ስዳብስ ያንቺ ደብዳቤ ብቻ።

አነበብኩት። ዕድል ደጅህ ድረስ ብትመጣ መታወቂያሽን አሳዪኝ የምትል ሰው ነህ ያልሽኝ ቦታ ላይ ቴክኒሻኑ ሲስቅ እንጨቱ ከአፉ ወደቀ። እኔም ሞቅ አለኝ፣ ቀጠልኩ። ከዚያ ሁለተኛው ገጽ መጣ። ሐኪሙ የዓይኔ ቀዶ ጥገና ከዘገየ ግራው ይጠፋል፣ ቀኙም ይከተለዋል ይላል፤ እኔ ግን ያለው ብርሃን ይበቃኛል፣ ቢያበላሹብኝስ፣ ይቆይ። ይህን በስድብና በሰላምታ መሀል ወሽቀሽዋል። በዓይኔ ያለፍኩትን በአፌ ሳነበው ሰማሁት። ወረቀቱን አስቀመጥኩት። አዘጋጇ ውሃ አመጣችልኝና፣ ታዲያ እህትዎ ቀዶ ጥገናውን አደረጉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ለእኔ ሲሆን ግባበት፣ ለራስሽ ሲሆን ይቆይ? ምክርሽ ለሰው ብቻ ነው እንዴ? ከእኔ የባስሽ ተጠራጣሪ ሆነሽ ይህን ሁሉ ዓመት እኔን ስትሰድቢ ትንሽ እንኳ አልከበደሽም?

ሥራውን ይዤዋለሁ። የሦስት ወር ሙከራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ላለው ምንም ቃል አልገቡልኝም። ለመናኸሪያው መልቀቂያ አስገብቻለሁ። ሐኪምሽ ዘንድም ደውያለሁ። ታያለች ብለው ይማሉልኝ አልኩት። አልምልም፣ ግን ብዙዎቹ ያያሉ አለኝ። አለመማሉን ወደድኩለት። ቀጠሮሽን ለሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት አስይዣለሁ፤ አዎ፣ ሳልጠይቅሽ። ተናደጂ፣ ተራሽ ነው።

እሑድ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ከአዘጋጇ ሁለት ሳምንት አስፈቅጃለሁ። የምተርከውን መጽሐፍ እይዛለሁ፤ ዓይንሽ ታስሮ ስትተኚ አጠገብሽ ሆኜ እለማመድበታለሁ፣ ስሳሳት ማረም እንደሆነ ለምዶብሻል። ፋሻው የሚፈታ ቀን ምን እንደምናገኝ እኔ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም። እስከዚያው አብረን እንፈራለን።

ይህን ለምታነብልሽ ለጎረቤትሽ ልጅ፦ ልጄ፣ ቁጣውን እንዳትዘልዪው፤ እያንዳንዱን ቃል አሰሚልኝ።

አምላክ ያቆይልኝ፤ ፊቴን አይተሽ ከሳህ የምትዪኝን ቀን ያምጣልኝ።

የተናደደው ታናሽ ወንድምሽ