ያልቀመስኩት ሽሮ

ኦክቶበር 11፣ 1988
የምሠራበት የሀበሻ ሬስቶራንት ጭር ብሎ ዋለ። ባለቤቷ እትዬ ወሰንየለሽ በጊዜ ሂጂ አሉኝ። እንደ ልማዴ ለማጂ ሽሮ ጨልፌ ወጣሁ።

ስማቸው ሳቪትሪ መሆኑን ዛሬ ገና ሰማሁ። ልጃቸው «ማጂ» ሲላቸው ሰምቼ እኔም ማጂ ብዬ ቀረሁ፤ እናት ማለት ነው አሉ። ከኔ በታች ያለው አፓርታማ የሚኖሩ ህንዳዊት ናቸው። ልጃቸው ሆስፒታል ሥራ ስለሚውል ብቻቸውን ናቸው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ይሄ እንኳ የኛም ነው። ጠዋት ታጥበው ለአምላካቸው ምስል መብራት ያበራሉ። መስኮቱ ላይ ላለችው ቅጠል ውሃ ያጠጣሉ፣ እጅ ይነሷታል። ቱልሲ ይሏታል። ጠጋ ብዬ ባሸታት... የኛው በሶብላ!

ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል በደጃቸው አያልፍም። ሌላ ሰው የቀመሰውንም አይበሉም። ስለዚህ የሳቸውን ሳልቀምስ ነው የምጨልፈው።

ላምን ለምን አትበሉም ብላቸው፣ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው፦ «የእናትሽን ጡት ስትተዪ ማን አጠጣሽ? ላም። ሶ፣ እናት ናት።» ነፍስ ደግሞ ትመላለሳለች አሉ። የዛሬ ሥራሽ በሌላ አካል ይጠብቅሻል። እኔ ሙታን ተነስተው ስለሚዳኙበት ስለ ቂያማ ቀን ነገርኳቸው። ሁለታችንም አልተሸነፍንም፤ ተሳስቀን ተለያየን።

ኦክቶበር 18
ሰው ሞላ። ጥድፊያ። የማጂን ሽሮ በሩጫ አድርሼ ተኛሁ። እግሬ አለቀ።

ኦክቶበር 19
ጠዋት እትዬ ወሰንየለሽ፦ «ኸይሪያ፣ ቦዘናዬን ማን አጎደለው?»

ትናንት ሁለት ድስት ነበር የተጣደው። ባዶው ሽሮ ከኋላ፣ ቋንጣ የገባበት ቦዘና ከፊት። ቋንጣውን አድቅቀውት ስለነበር በዓይን አይለይም፤ እኔ በጥድፊያ የጨለፍኩት ከፊተኛው ነው። ብቀምሰው አውቀው ነበር... ግን የማጂን አልቀምስም። የክርስቲያን ሥጋ ያለበትን ድስትማ መች ቀምሼ አውቃለሁ?

ላም አበላኋቸው።

ማታ በሬን አንኳኩ። ሳህኔን አጥበው፣ ባዶውን እንዳይመልሱ ሙዝ አድርገውበት። የትናንቱ በጣም እንደጣፈጣቸው ነገሩኝ። ምን ጨመርሽበት?

«ቅመም ነው» አልኩ።

ምላሴ እንዴት እንዲህ ቀለለ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ኦክቶበር 23
ወንድሜ ኡስማን ከኢንግልዉድ መጣ። ምሳ እየበላ ነገርኩት። ሳቀብኝ።

«ሊስን፣ ሳያውቁ የበሉት ወንጀል የለበትም። ለምን አፕሴት ታደርጊያቸዋለሽ? ዝም በይ፣ ኦኬ?»

«አንተን አሳማ አብልቼህ ዝም ብልህስ?»

ሳህኑን ገፋ። ከዚያ ወዲያ ስለሚነዳው ታክሲ ብቻ አወራ።

ወሎ እናታችን የክርስቲያን ድስት ነበራት። ጎረቤታችን እትዬ የምሥራች ቤታችን ሲመጡ የሚበሉት በዚያች ብቻ ነው። ለብቻዋ ትታጠባለች፣ ለብቻዋ ትቀመጣለች። በሠርግም እርዱ ለየብቻ፣ ዳሱ ለየብቻ። ማንም ማንንም አያታልልም። እኔ እዚያ ቤት ነው ያደግኩት። አላውቅም ነበር ልል አልችልም።

ኦክቶበር 27
በኋላ በር ገባሁ። ማጂ እንዳያገኙኝ።

ኖቬምበር 4
ደረጃው ላይ ያዙኝ። የት ጠፋሽ? ሥራ በዛ አልኩ። ሌላ ውሸት።

ዲዋሊ ደርሷል። ቤት ተጠርጎ፣ መብራት በርቶ፣ ዘመድ የሚሰበሰብበት ትልቁ በዓላቸው ነው። እህታቸው ከሎንግ ቢች ከነቤተሰቧ ትመጣለች። ያን ሽሮ አብዝቼ እንድሠራላቸው ለመኑኝ። ያን፣ ቅመም ያለበትን።

ባዶውን ሠርቼ ቅመሙ አለቀብኝ ብል ማን ያውቃል? ማንም።
አላህ አለ እንጂ።

ኖቬምበር 5
ነገርኳቸው። መሬት መሬት እያየሁ። ሥጋ እንደነበረበት፣ በስሕተት እንደጨለፍኩ፣ ኋላ አውቄ እንደዋሸኋቸው።

«የምን ሥጋ?»

«የከብት...»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ፊታቸው ባንዴ አረጀብኝ። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ከውስጥ የሻወር ውሃ ሲወርድ ይሰማል። ብዙ ቆየ።

ኖቬምበር 7
ልጃቸውን ፓርኪንጉ ላይ አገኘሁት። ማጂ ከነገርኳቸው ወዲህ እህል አልቀመሱም አለኝ። ለመንጻት ከአገራቸው ካመጡት ከጋንጀስ ወንዝ ውሃ ትንሽ ይጎነጫሉ፣ ይጸልያሉ።

«ባትነግሪያት ምን ነበረበት?» አለኝ።

ለሳቸው ብዬ ነው የነገርኳቸው ወይስ ለኔ እንዲቀለኝ? ደግሞ አልቀለለኝም።

ኖቬምበር 9
ደረጃው ሁሉ መብራት በመብራት። ትንንሽ የሸክላ ኩባያ፣ ውስጡ ዘይትና ክር። ተሸማቅቄ ላልፍ ስል በራቸው ተከፈተ። ከስተዋል። እጃቸው ላይ አዲስ ድስትና አዲስ ጭልፋ።

«ይሄ አንቺ ቤት ይቀመጥ» አሉኝ። «ሥጋ አይንካው። የኔን በዚህ ሥሪ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። እኔም መጠየቅ አቃተኝ። ስለ እናቴ ድስት ልነግራቸው ጀምሬ ለቅሶ ቀደመኝ። አላባበሉኝም። እስክጨርስ ግን ቆመው ጠበቁኝ።

ድስቱን ከኔ ዕቃ ለይቼ ምስር ጣድኩበት። ጨው ይብዛ ይነስ አላውቅም። አልቀመስኩም።